«ሊበራል» የሚለው ስም ሩሲያ ውስጥ እንዴት ስድብ ሆነ?

በሩሲያ የታችኛው ምክር ቤት፣ በዱማ፣ ከ1993 ጀምሮ አንድም ዙር ሳያመልጠው ወንበር የያዘ ፓርቲ አለ። «የሩሲያ ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ» ይባላል። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የአውሮፓ ዓይነት ለዘብተኛ ፓርቲ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መሥራቹ ቭላዲሚር ዢሪኖቭስኪ በ2022 እስኪሞት ድረስ ስለ ግዛት ማስፋፋት የሰበከ ብሔርተኛ ነበር። የሩሲያ ወታደር በሕንድ ውቅያኖስ ጫማውን ሲያጥብ ማየት እመኛለሁ ያለውም እሱ ነው። ፓርቲው ዛሬ የዩክሬንን ጦርነት ይደግፋል። በአንጻሩ ከክሬምሊን ነፃ የሆነ ሊበራል ፓርቲ ከ1999 ምርጫ ወዲህ በራሱ ዝርዝር ዱማ ገብቶ አያውቅም።

ይህ የስም መምታታት ተራ ነገር ይመስላል፤ ከበስተጀርባው ግን ረጅም ታሪክ አለ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 የፑቲን ዋና ተቃዋሚ የነበረው አሌክሲ ናቫልኒ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ባለ እስር ቤት ሞተ። በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን ጦርነቱን በመቃወማቸው የታሰሩት ፖለቲከኞች ቭላዲሚር ካራ-ሙርዛና ኢሊያ ያሺን በእስረኛ ልውውጥ ከአገር ወጡ። ያኔ አንድ ጥያቄ በየቦታው ተነሣ፦ ሩሲያ ውስጥ ዴሞክራሲ የሚፈልግ ሰው ይህን ያህል ጥቂት ነው? አንዳንዱ «ሩሲያዊ እኮ ንጉሥ ካልገዛው አይሆንለትም» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሌላው ሁሉንም ነገር በአንድ ሰው፣ በፑቲን ላይ ይጭናል። ሁለቱም መልሶች ምቹ ናቸው። ታሪኩ ግን ለሁለቱም አይመችም።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

ሊበራሊዝም ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፣ መንግሥትም ራሱ በሕግ መታሰር አለበት የሚል አስተሳሰብ ነው። ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው የመብት ክንፍ ነው፦ የመናገር፣ የመደራጀት፣ መሪን የመምረጥና የማውረድ ነፃነት። ሁለተኛው የገበያ ክንፍ ነው፦ የግል ንብረት፣ ያልተተመነ ዋጋ፣ ከመንግሥት እጅ የወጣ ንግድ።

በብዙ አገር ሁለቱ እየተነታረኩም ቢሆን አብረው ይሄዳሉ። በሩሲያ ግን፣ በተለይ ካለፉት 30 ዓመታት ወዲህ፣ ተለያይተው ቀሩ። የገበያው ክንፍ ቤተ መንግሥት ገባ። የመብቱ ክንፍ ወኅኒ ወረደ። ሕዝቡ «ሊበራል» ሲባል ትዝ የሚለው የመጀመሪያው ነው፤ ዕዳውን እየከፈለ ያለው ግን ሁለተኛው ነው።

እኛም አገር በኢሕአዴግ ዘመን «ኒዮ ሊበራል» የሚለው ቃል እንደ ክስ ሲወረወር ለዓመታት ሰምተናል። ልዩነቱ፣ ሩሲያ ውስጥ ቃሉን እንደ ስድብ የሚጠቀምበት መንግሥት ብቻ አለመሆኑ ነው። ጡረተኛውም፣ ታክሲ ነጂውም ይጠቀምበታል።

ከዙፋኑ ሥር የበቀለ ሐሳብ

የሩሲያ ሊበራሊዝም የተወለደው በነጋዴ ሰፈር አይደለም፤ በጦር መኮንኖች መካከል ነው። ናፖሊዮንን እያሳደዱ ፓሪስ የደረሱ ወጣት መኳንንት አውሮፓን አይተው ተመለሱ። አገራቸው የጠበቃቸው ግን ገደብ የሌለው ንጉሥና እንደ ዕቃ የሚሸጥ ገበሬ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1825 ወደ 3,000 የሚጠጉ ወታደሮች ይዘው በሴንት ፒተርስበርግ ሴኔት አደባባይ ቆሙ። ለአዲሱ ንጉሥ ለቀዳማዊ ኒኮላይ አንምልም አሉ። ሲመሽ መድፍ ተተኮሰባቸውና በዚያው ቀን ነገሩ አለቀ። አምስቱ ተሰቀሉ። ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሳይቤሪያ ተጋዙ። በወሩ ስም ዲሴምብሪስቶች፣ በእኛ አነጋገር ታኅሣሣውያን ይባላሉ።

(ሩሲያ እስከ 1918 የቀድሞውን የዩልዮስ አቆጣጠር ትከተል ስለነበር የዚያ ዘመን ቀኖች ከምዕራቡ 12 ወይም 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራሉ። የራሱ አቆጣጠር ላለው አንባቢ ይህ ግር አይልም። ዓመቶቹ ግን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

አዲስ አበባ ውስጥ አደባባይ የተሰየመለት አሌክሳንደር ፑሽኪን የእነዚህ ሰዎች ወዳጅ ነበር። በግዞት ላይ ስለነበረ ከአደባባዩ ቀረ። በኋላ ንጉሡ «ብትኖር የት ትሆን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከጓደኞቼ ጋር እቆም ነበር ብሎ መመለሱ ይነገራል።

ከታኅሣሣውያን ፕሮግራም አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኒኪታ ሙራቪዮቭ ያረቀቀው ሥልጣኑ የተገደበ ንጉሥና ፌዴሬሽን ነበር። ፓቬል ፔስቴል ያረቀቀው ደግሞ ሪፐብሊክ ነው። ግን ሪፐብሊኩ እስኪጸና ድረስ ለዓመታት የሚቆይ ጊዜያዊ አምባገነን መንግሥት ያስፈልጋል አለ። ነፃነትን በጠንካራ ክንድ የማምጣት ሐሳብ ገና ከጅምሩ ነበረ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ከላይ የመጣ ነው። ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1861 ከ20 ሚሊዮን በላይ ገባሮችን ከባለርስቶች አስለቀቀ። በ1864 የዳኞች ነፃነትንና ሕዝባዊ የፍርድ ሸንጎን ፈቀደ። ዜምስትቮ የሚባሉ የአካባቢ ምክር ቤቶችም በዚያው ዓመት ተቋቋሙ። ሥራቸው መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ነበር። ትንሽ ሥራ ነው፤ ግን ሰው ስለ አካባቢው ጉዳይ መክሮ መወሰንን የተማረው እዚያ ነው። የኋለኞቹ ሊበራሎች አብዛኞቹ ከዚያ ወጡ። ንጉሡ በማርች 1 ቀን 1881 ጠዋት የተመረጡ ሰዎች በሕግ ዝግጅት እንዲማከሩ የሚፈቅድ እቅድ አጸደቀ። በዚያው ቀን አብዮተኞች በቦምብ ገደሉት። ልጁ እቅዱን ጣለው። የልጅ ልጁ ዳግማዊ ኒኮላይ በ1895 የዜምስትቮ ተወካዮችን ሰብስቦ በአገር አስተዳደር የመሳተፍ ምኞታቸውን ትርጉም የለሽ ሕልም ነው ብሎ አሰናበታቸው።

የ72 ቀኑ ምክር ቤት

ሕልሙ ግን በ1905 በር ሰብሮ ገባ። ከጃፓን ጋር የተደረገው ጦርነት ተሸነፈ። ጃንዋሪ 9 ቀን አቤቱታ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት የተጓዘ ሠራተኛ ላይ ተተኮሰ። በኦክቶበር አገሪቱ በሥራ ማቆም ሽባ ሆነች። ንጉሡ ተገድዶ ምክር ቤትና የዜጎች ነፃነት እንደሚፈቅድ አወጀ። በዚያው ወር የሩሲያ ትልቁ ሊበራል ፓርቲ ተመሠረተ፤ የሕገ መንግሥታዊ ዴሞክራቶች ፓርቲ። ከስሙ የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ተነሥቶ አባላቱ «ካዴት» ተባሉ። ከጦር ትምህርት ቤቱ ካዴት ጋር ዝምድና የላቸውም። መሪው ፓቬል ሚሊዩኮቭ የታሪክ ምሁር ነበር። ዙሪያውን የከበቡት ጠበቆች፣ ፕሮፌሰሮችና የዜምስትቮ ሐኪሞች ነበሩ።

ካዴቶች የሀብታም ጠበቃ ብቻ ነበሩ የሚለው ክስ ትክክል አይደለም። ፕሮግራማቸው የባለርስቶች መሬት በካሣ ተወስዶ ለገበሬ ይሰጥ የሚል ነበር። በአፕሪል 1906 በተከፈተው የመጀመሪያው ዱማ ትልቁ ቡድን እነሱ ሆኑ። መሬቱን አነሡ። ንጉሡ እምቢ አለ። ምክር ቤቱ 72 ቀን ብቻ ቆይቶ ተበተነ።

ከዚያ የሆነው ብዙ ይናገራል። ወደ 200 የሚሆኑ ተወካዮች ድንበር ተሻግረው ፊንላንድ ውስጥ ቪቦርግ ገቡና ሕዝቡ ግብር እንዳይከፍል፣ ለጦርም ልጁን እንዳይሰጥ ጥሪ ጻፉ። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ፈራሚዎቹ ሦስት ሦስት ወር ታሰሩ። የከፋው ግን ሌላ ነበር፤ ለምርጫ የመወዳደር መብታቸውን አጡ። ፓርቲው ምርጥ ሰዎቹን በአንድ ወረቀት ጨረሰ። ጁን 3 ቀን 1907 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶሊፒን ሁለተኛውንም ዱማ በትኖ የምርጫ ሕጉን ለባለርስቶች እንዲያደላ አድርጎ ለወጠው። ተቃዋሚን በምርጫ ከማሸነፍ ይልቅ ከዕጩነት መዝገብ መፋቅ የፑቲን ዘመን ፈጠራ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በ1917 ጊዜው የሊበራሎች መሰለ። ንጉሡ ወረደ። ልዑል ልቮቭ የሚመሩት ጊዜያዊ መንግሥት ሳንሱርን አነሣ። በሃይማኖትና በዘር ላይ የነበረውን ገደብ ሻረ። ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ይህ ከብዙ የአውሮፓ አገሮች የቀደመ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን ግን አሳደረ፤ መሬትንና ሰላምን። ሕግ አክባሪ ሰዎች ነበሩና መሬትን የሚያከፋፍለው የተመረጠ ጉባኤ ነው አሉ። ምርጫውን ደግሞ ጦርነቱ መሐል በጥንቃቄ ማደራጀት ወራት ፈጀ። ሚሊዩኮቭ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ጦርነቱ ይቀጥላል የሚል ማስታወሻ ላከና ጎዳናው ተነሣበት። በሜይ ከሥልጣን ወረደ። ገበሬው ጉባኤውን አልጠበቀም፤ መሬቱን ራሱ መከፋፈል ጀመረ።

ምርጫው ሲደረግ ቦልሼቪኮች፣ የሌኒን ኮሚኒስቶች፣ ሥልጣን ይዘው ነበር። ከ40 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ። የገበሬ ሶሻሊስቶች ወደ 40 በመቶ፣ ቦልሼቪኮች 24 በመቶ ገደማ አገኙ። ካዴቶች 5 በመቶ ገደማ ላይ ቀሩ። በፔትሮግራድ (የያኔው የሴንት ፒተርስበርግ ስም ነው) እና በሞስኮ ግን ሁለተኛ ወጡ። የትልቅ ከተማ ፓርቲ መሆናቸው ቁልጭ ብሎ ታየ። ፓርቲው የሕዝብ ጠላት ተብሎ ታገደ። ጉባኤው በጃንዋሪ 1918 አንድ ቀን ብቻ ተሰበሰበ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል የጥበቃው አዛዥ፣ አንድ መርከበኛ፣ ዘቡ ደክሞታል ብሎ ተወካዮቹን አስወጣ። በማግሥቱ በሩ ተቆለፈ። ስለዚህ «ሩሲያዊ ምርጫ አይፈልግም» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ፤ ሕዝቡ መርጧል። የመረጠው ጉባኤ ነው በጠመንጃ የተዘጋው።

«ሕገ መንግሥታችሁን አክብሩ»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ዝምታ አለ። ዝምታው የተሰበረው ዲሴምበር 5 ቀን 1965 በሞስኮ ፑሽኪን አደባባይ ነው። ሁለት ደራሲዎች በጽሑፋቸው ምክንያት ታስረው ነበር። የሒሳብ ሊቁ አሌክሳንደር ዬሴኒን-ቮልፒን ጥቂት ሰው ሰበሰበ። የያዙት መፈክር መንግሥት ይውደቅ አይልም። የሶቭየትን ሕገ መንግሥት አክብሩ ነው የሚለው። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። በወረቀት የተጻፈውን ነፃነት እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ፣ ባለሥልጣኑን በራሱ ሕግ መጠየቅ።

እነዚህ ሰዎች ዲሲደንት፣ ማለትም ከመስመር የወጡ ተባሉ። ጽሑፋቸውን በካርቦን ወረቀት እያባዙ ከእጅ ወደ እጅ ያዳርሱ ነበር፤ ይህ ሳሚዝዳት ይባላል፤ «ራስ በራስ ማሳተም» እንደ ማለት። በኦገስት 1968 የሶቭየት ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያ ሲገቡ ስምንት ሰዎች ቀይ አደባባይ ላይ ተቀመጡ። ደቂቃዎች ውስጥ ተያዙ። የሃይድሮጂን ቦምብ ሥራ ላይ የተሳተፈው የፊዚክስ ሊቅ አንድሬይ ሳካሮቭ የዚህ ክበብ ትልቁ ስም ሆነ። በ1975 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። በ1980 ጎርኪ ከተማ ተጋዘ። በ1986 መጨረሻ የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ መለሰው።

ዲሲደንቶች ስለ ዳቦ ዋጋና ስለ ፋብሪካ ብዙም አላወሩም። የመብት ክንፉ ንጹሕ መልክ እነሱ ናቸው። ጉድለታቸውም ከዚያው ይመነጫል። መንግሥት በወደቀ ጊዜ የሰብአዊ መብት ቋንቋ ነበራቸው፤ የኢኮኖሚ እቅድ ግን በሌሎች እጅ ነበር።

ዘጠናዎቹ፦ ስሙ የተበላሸበት ዘመን

በ1989 ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ከፊል ነፃ ምርጫ ተደረገ። ሳካሮቭ ተመረጠ። በዲሴምበር ሲሞት ሞስኮ በሐዘን ተሞላች። በ1990 «ዴሞክራሲያዊት ሩሲያ» የሚባል ንቅናቄ ተፈጠረና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አደባባይ አወጣ። በጁን 1991 ቦሪስ ዬልትሲን በ57 በመቶ ድምፅ የሩሲያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በኦገስት የወግ አጥባቂ ኮሚኒስቶች መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። ያ ሰሞን የሩሲያ ዴሞክራቶች የደስታ ጊዜ ነበር። «ዴሞክራት» መባል ያኮራ ነበር።

ደስታው ገና አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 መጣ። የ35 ዓመቱ ኢኮኖሚስት ዬጎር ጋይዳር የሚመራው ቡድን አብዛኛውን ዋጋ ከቁጥጥር ለቀቀ። በዚያ ዓመት ዋጋ ከ20 እጥፍ በላይ ናረ። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ለመኪና፣ ለልጅ ሰርግ፣ ለቀብሩ ያስቀመጠው ገንዘብ በወራት ውስጥ ለወር አስቤዛ የማይበቃ ሆነ። ቆጣቢው አጨብጭቦ ቀረ።

የጋይዳር ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ ችላ የሚባልም አይደለም። በ1991 መጨረሻ መደብሮች ባዶ ነበሩ። የውጭ ምንዛሪው ካዝና ተራቁቷል። ከተሞች ክረምቱን በምን እንደሚሻገሩ አይታወቅም ነበር። ዋጋው ሲለቀቅ ዕቃው ወደ መደርደሪያ ተመለሰ። ረሃብ አልመጣም። ቁጠባውንም ቢሆን የበላው የቀድሞው መንግሥት ነው፤ ጋይዳር ያደረገው ባዶ መሆኑን መግለጥ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር በሒሳብ ደረጃ ያሳምናል። ግን ባዶ የባንክ ደብተር ይዞ ወረፋ ለቆመ ሰው ማን ይህን አስረዳው? ማንም። የዚያ መንግሥት ትልቁ ስንፍና ይህ ይመስለኛል። ሕዝቡን ማስረዳትን እንደ ሥራ አልቆጠሩትም።

ቀጥሎ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ዞሩ። አናቶሊ ቹባይስ ለእያንዳንዱ ዜጋ ቫውቸር የሚባል ወረቀት አደለ፤ የጽሑፍ ዋጋው 10,000 ሩብል። ወረቀቱ ሁለት ቮልጋ መኪና ያወጣል ብሎ ነበር። ብዙ ሰው ቫውቸሩን በርካሽ ሸጠው፤ በቮድካ የለወጠም አልጠፋም። በ1995 ደግሞ እንደ ዩኮስና ኖሪልስክ ኒኬል ያሉ ግዙፍ ድርጅቶች ለመንግሥት ገንዘብ ላበደሩ ጥቂት ባንከኞች በማይረባ ዋጋ ተላለፉ። ከዚያ የወጡት ባለጠጎች ኦሊጋርክ ተባሉ። ሕዝቡ «ፕሪቫቲዛትሲያ» የሚለውን ቃል «ፕሪኽቫቲዛትሲያ» ብሎ አሾፈበት፤ «ነጠቃ» እንደ ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ የወንዶች አማካይ ዕድሜ በ1990 ከነበረበት 64 ዓመት ገደማ በ1994 ወደ 58 ዓመት ገደማ ወረደ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው በዘጠናዎቹ ላይ ያለው ምሬት የፕሮፓጋንዳ ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የፖለቲካው ስብራት የደረሰው ግን በ1993 ነው። ምክር ቤቱና ዬልትሲን ተፋጠጡ። በሴፕቴምበር ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን በአዋጅ በተነ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አዋጁ ሕገ ወጥ ነው አለ። ጎዳና ላይ ደም ፈሰሰ፤ ኦክቶበር 4 ቀን ታንኮች በምክር ቤቱ ሕንፃ ላይ ተኮሱ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ሊበራሎች ከዬልትሲን ጎን ቆሙ። 42 ታዋቂ ደራሲያን መንግሥት በተቃዋሚዎቹ ላይ እንዲበረታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ፈረሙ። ምክንያታቸው ነበራቸው፤ ከምክር ቤቱ ጎን የታጠቁ ኮሚኒስቶችና ብሔርተኞች ተሰልፈው ነበር። ቢሆንም ያኔ የተወሰደው ብድር እስከ ዛሬ ይከፈላል። በዲሴምበር የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። ሐሳቡ፣ ወንበሩ ላይ የእኛ ሰው እስካለ ለውጡን ያሻግራል የሚል ነበር። ወንበሩ ላይ ነገ ማን ይቀመጣል የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነው።

በዚያው ቀን የተደረገው የምክር ቤት ምርጫ መልሱን ሰጠ። የዢሪኖቭስኪ ፓርቲ በ23 በመቶ ገደማ አንደኛ ወጣ። የጋይዳር ፓርቲ 15 በመቶ ተኩል አገኘ።

ሁሉም ሊበራል አንድ አልነበረም። በ1990 የ500 ቀን የኢኮኖሚ ፕሮግራም ያዘጋጀው ግሪጎሪ ያቭሊንስኪ የጋይዳርን መንገድ ይቃወም ነበር። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በስማቸው ፊደላት «ያብሎኮ» የሚል ፓርቲ አቋቋመ፤ በሩሲያኛ ፖም ማለት ነው። ለሰባት ዓመት በሶቭየት ካምፕ የታሰረው ሰርጌይ ኮቫልዮቭ ደግሞ በ1994 መጨረሻ የቼቼንያ ጦርነት ሲጀመር ቦምብ የሚዘንብባት ግሮዝኒ ገብቶ የሚሆነውን ለዓለም ተናገረ። በወራት ውስጥ ከሰብአዊ መብት ኃላፊነቱ ተነሣ። ጋይዳርም ጦርነቱን ተቃወመ። ልዩነቶቹ ግን ለተራው ሰው አልታዩም። ለእሱ ሁሉም «ዴሞክራቶች» ናቸው፤ ሁሉም ኪሱን ያራቆቱ።

አንድ ዝርዝር፣ ሁለት ዕጣ

በዲሴምበር 1999 ምርጫ «የቀኝ ኃይሎች ኅብረት» የሚባል አዲስ ሊበራል ጥምረት 8 በመቶ ተኩል አግኝቶ ዱማ ገባ። የምረጡኝ ዘመቻው አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር ፑቲንን በግልጽ የሚደግፍ ነበር። ከዝርዝሩ አናት ሁለት የቀድሞ የመንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ ሰርጌይ ኪሪየንኮና ቦሪስ ኔምትሶቭ።

ኪሪየንኮ ከ2016 ጀምሮ በክሬምሊን የአገር ውስጥ ፖለቲካን ይመራል። ማን ለምርጫ ይቅረብ፣ ማን ይቅር የሚለው ጉዳይ በእሱ ቢሮ በኩል ያልፋል። ኔምትሶቭ ወደ ተቃውሞ ሄደ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2015 ሌሊት ከክሬምሊን ግንብ ሥር ባለው ድልድይ ላይ በጥይት ተገደለ። የሁለቱን ክንፎች መለያየት በአንድ ወረቀት ላይ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ዝርዝር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በ2003 ሁለቱ ሊበራል ፓርቲዎች ለየብቻ ተወዳደሩ። እያንዳንዳቸው 4 በመቶ ገደማ አገኙ፤ መግቢያው 5 በመቶ ነበር። ከምርጫው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ገንዘብ ይሰጣቸው የነበረው የዩኮስ ባለቤት ሚኻይል ኾዶርኮቭስኪ ታስሯል። ቴሌቪዥኑም በመንግሥት እጅ ገብቷል። ቢጣመሩ ኖሮ ሊገቡ ይችሉ ነበር የሚሉ አሉ። ግን ጋይዳርና ያቭሊንስኪ ከሚስማሙ እሳትና ጭድ ቢስማሙ ይቀላል።

ቀጣዩ ትውልድ «ሊበራል» የሚለውን ስም ከነጭራሹ ተወው። ናቫልኒ ከያብሎኮ በ2007 በብሔርተኝነት ተከሶ ተባረረ። ከዚያ የያዘው ቋንቋ ቀላል ነበር፤ የባለሥልጣኑ ቪላ፣ መርከብ፣ የወይን እርሻ። ሌብነት በግራም በቀኝም ያለን ሰው ያናድዳል። በዲሴምበር 2011 የዱማ ምርጫ ተጭበርብሯል ተብሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሞስኮ ቦሎትናያ አደባባይ ሲወጣ መድረኩ ላይ ብሔርተኛም፣ ግራ ዘመምም፣ ሊበራልም ነበር። በ2013 ናቫልኒ ለሞስኮ ከንቲባነት ተወዳድሮ 27 በመቶ አገኘ። የዚያ ዓይነት ዕድል ዳግም አልተሰጠውም። በ2018 ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ተከለከለ። በ2020 ተመረዘ። በጃንዋሪ 2021 ከጀርመን ተመልሶ አየር ማረፊያ ላይ ተያዘ። በዚያ ዓመት ድርጅቱ ጽንፈኛ ተብሎ ታገደ። ሳካሮቭ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው፣ የሶቭየት ዘመን ግፍን የሚመዘግበው «ሜሞሪያል» ማኅበርም እንዲዘጋ በፍርድ ቤት ተወሰነ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

በዚህ ላይ አራት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። የመጀመሪያው የባህል ክርክር ነው፤ ሩሲያ ከጥንት ጀምሮ ለአንድ ሰው ሥልጣን ተፈጥራለች ይላል። የ1917ን ምርጫና የ1991ን አደባባይ ማስረዳት ስለማይችል ደካማው ይህ ነው።

ሁለተኛው የነዳጅ ክርክር ነው። በ1998 በርሜሉ ከ15 ዶላር በታች የነበረ ነዳጅ በ2008 አጋማሽ ከ140 ዶላር አለፈ። ከነዳጅ የሚኖር መንግሥት የግብር ከፋዩን ፈቃድ ብዙም አይሻም። ደመወዝ በሰዓቱ ሲመጣ ደግሞ ሰው የዘጠናዎቹን ሰዎች ይረግማል፤ የአሁኑን ያመሰግናል። ዬልትሲንን የጎዳው ርካሽ ነዳጅ፣ ፑቲንን የጠቀመው ውድ ነዳጅ መሆኑ ይረሳል። ይህ ብዙ ነገር ያስረዳል።

ሦስተኛው ጭቆናውን ያስቀድማል። ዕጩው የሚታገድበት፣ የሚመረዝበት፣ የሚገደልበት አገር ውስጥ ተቃዋሚው ለምን ደከመ ብሎ መጠየቅ በራሱ ፍትሐዊ አይደለም ይላል። ከ2012 ወዲህ ላለው ዘመን ትክክል ነው። በ2003 ግን ማንም ሰው ያብሎኮን በመምረጡ አይታሰርም ነበር።

አራተኛው ጣቱን ወደ ራሳቸው ወደ ሊበራሎቹ ይቀስራል፤ ናቫልኒም በመጨረሻ ዘመኑ ከዚህ ወገን ነበር። በኦገስት 2023 ከእስር ቤት በጻፈው ጽሑፍ፣ አገሪቱ በዘጠናዎቹ ያገኘችውን ዕድል ያባከኑትን፣ ዬልትሲንንና ቹባይስን ስም ጠርቶ እንደሚጠላቸው ተናገረ። በ2024 ባልደረቦቹ በዚሁ ላይ ተከታታይ ቪዲዮ ሲያወጡ ስደት ላይ ያለው ተቃዋሚ ተናከሰ። አንዱ ወገን እውነቱ መነገሩ ግድ ነው አለ። ሌላው በጦርነት መሐል ሙታንን መክሰስ ምን ይጠቅማል አለ፤ ፑቲን ራሱ ስለ ዘጠናዎቹ የሚለውን መድገም ነው ሲልም ወቀሰ። እኔ ክሱ ግማሽ እውነት ያለው ይመስለኛል። የዋጋው መለቀቅ አማራጭ አልነበረውም። የ1993ቱ ሕገ መንግሥትና የ1995ቱ ሽያጭ ግን አማራጭ ነበራቸው።

ዛሬ የት ናቸው?

ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረችበት ከፌብሩዋሪ 2022 በኋላ ሊበራል የሚባሉት ሰዎች በሦስት ቦታ ተበትነዋል። አንዱ ክፍል በርሊን፣ ቪልኒየስ፣ ትብሊሲና ሌሎች ከተሞች ነው። ሁለተኛው አገር ውስጥ ነው። ጦር ሠራዊቱን በሐሰት ማጠልሸት እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። የሞስኮ ወረዳ ተመራጭ የነበረው አሌክሲ ጎሪኖቭ ጦርነት ላይ ሆነን የልጆች ሥዕል ውድድር ማዘጋጀት አይገባም በማለቱ 7 ዓመት ተፈረደበት። ካራ-ሙርዛ የተፈረደበት 25 ዓመት ነበር። ያም ሆኖ በጃንዋሪ 2024 ጦርነቱን የሚቃወመው ቦሪስ ናዴዥዲን ለዕጩነት ፊርማ ሲያሰባስብ በብርዱ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። በቀረቡት ፊርማዎች ላይ ስሕተት ተገኘ ተባለና ዕጩነቱ ተሰረዘ።

ሦስተኛው ክፍል ብዙም አይወራለትም። መንግሥት ውስጥ ያለው ነው። የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ኤልቪራ ናቢዩሊና የገበያ ኢኮኖሚ ሰው ናቸው። ጦርነቱ በተጀመረ በአራተኛው ቀን የወለድ ምጣኔውን ከ9.5 ወደ 20 በመቶ ሰቀሉ። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥርም ተጨመረ። ሩብል ከመንኮታኮት ተረፈ። ሥራቸው በሙያ ሲታይ የተዋጣለት ነው። ጦርነቱን በገንዘብ ደግፎ ያቆየውም እሱ ነው። ቹባይስ በበኩሉ በማርች 2022 ሹመቱን ትቶ ከአገር ወጣ፤ ጦርነቱን ግን በአደባባይ አላወገዘም።

ነገ ለውጥ ቢመጣ ችግሩ እዚሁ ላይ ነው። በጀት መያዝ፣ ባንክ ማስተዳደር፣ ሚኒስቴር መምራት የሚያውቁት ሰዎች ከጦርነቱ ጋር የተነካኩ ይሆናሉ። እጃቸው ንጹሕ የሆነው ደግሞ ከእስር ወይም ከስደት የሚመጡ፣ መሥሪያ ቤት መርተው የማያውቁ ናቸው። በ1991ም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ያኔ ሁለቱ ወገኖች ቢያንስ በአንድ መድረክ ላይ ቆመው ነበር። አሁን አይነጋገሩም። ያብሎኮ በበኩሉ እስካሁን በሕግ የተመዘገበ ፓርቲ ነው። ተኩስ ይቁም ይላል። በ2021 የዱማ ምርጫ ያገኘው 1.34 በመቶ ነው። ስደተኞቹ በፍርሃት ይከሱታል፤ እሱ ደግሞ አገር ውስጥ የቀረን እኛ ነን ይላቸዋል።